ሦስተኛው መስመር

ከኦክላንድ እስከ ሳን ሆዜ ካለው ሐበሻ ሁሉ የቤዝቦል መቺዎችን በመገመት ጡረታ የወጣሁ እኔ ብቻ ነኝ። ሌላ አለ የሚል ካለ ይምጣና እንነጋገር።

ዲግሪ የለኝም። ዲፕሎማም የለኝም። አዲስ አበባ ሳለሁ መካኒክ ነበርኩ፤ እሱንም ቢሆን ያስተማረኝ የለም፣ ጋራዥ በር ላይ ቆሜ አይቼ ነው የያዝኩት። በሱዳን በኩል ተሰድጄ ኦክላንድ ስገባ የቤዝቦል ኳስ በእጄ ነክቼ አላውቅም ነበር። ሥራ ባቆምኩ ጊዜ ግን፣ ስማቸውን የማልጠራቸው ትልልቅ ቡድኖች ኮንትራት ከመፈረማቸው በፊት «ይልማ ምን አለ?» ብለው ይጠይቁ ነበር። ይህን የምለው ለመመጻደቅ አይደለም። ለመመጻደቅስ ቢሆን? የሠራሁት እኔ ነኝ።

ሥራውን ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ልንገር። በቤዝቦል አንዱ ኳስ ይወረውራል፣ ሌላው በዱላ ይመታል፤ የቀረው ዝርዝር ነው። በደንብ የሚመታ ሰው ብርቅ ስለሆነ፣ ሠላሳ ዓመት ገደማ ሲሆነው የስምንት፣ የአሥር ዓመት ኮንትራት ይጠይቃል። ከሌላ ቡድን የሚመጣ ከሆነ ደግሞ በለውጡ ሦስት አራት ተስፋ ያላቸው ወጣቶች ይሰጣሉ። ችግሩ ሰውየው ስሙን ያገኘው በትናንት ጉልበቱ መሆኑ ነው፤ የሚከፈለው ግን ለነገው ነው። ሠላሳ አምስት ሲሞላው ያ ዱላ ለኳሱ ይደርስ ይሆን? ይህን አስቀድሞ መናገር ነበር ሥራዬ።

የጀመርኩት ከመኪና ማቆሚያ ነው። ኦክላንድ ከቤዝቦል ስታዲየሙ አጠገብ ባለ ፓርኪንግ፣ አንድ ሰው ብቻ በምትይዝ የመስታወት ዳስ ውስጥ ትኬት እቆርጥ ነበር። ጨዋታው ሲጀመር መኪና መግባቱን ያቆማል፤ ያኔ ሬዲዮ እከፍታለሁ። ጓደኞቼ ኮሌጅ ገቡ፤ የእኔ ኮሌጅ ዳሷ ነበረች። የማልረዳውን ቃል በአማርኛ ፊደል እጽፍና በማግስቱ የሚያውቅ ሰው እጠይቃለሁ። በር ጠባቂው ወዳጄ ስለነበረ ከጨዋታው አጋማሽ በኋላ ገብቼ ቆሜ እመለከት ነበር። ሁለት ዓመት ሳይሞላ «ይሄ ሰውዬ አሁን ይስታል» እላለሁ፤ ይስታል። የሚሰማኝ ሰው አለመኖሩ ብቻ ነበር የሚቆጨኝ።

ሰሚው በዳሷ መስኮት በኩል መጣ። ሚስተር ራስል ይባላሉ። ፀጉራቸው የነጣ፣ ረጅም፣ ትከሻቸው ጎበጥ ያለ ሰው ናቸው። ለጨዋታው ሦስት ሰዓት ሲቀረው በአሮጌ መኪና ይመጣሉ፤ ከእሳቸው ቀድሞ የሚመጣ የለም። በእንግሊዝኛ አንተም አንቱም አንድ ነው፤ እኔ ግን በልቤ ሁልጊዜ አንቱ ስላልኳቸው እዚህም እንደዚያው እጽፋለሁ።

«የፊተኛው ግራ ጎማዎ በውስጥ በኩል ተበልቷል» አልኳቸው አንድ ቀን።

«ገና ባለፈው ወር የገዛሁት ነው።»

«ታዲያ ጥፋቱ የጎማው አይደለማ። እግሩ ተጣሟል። አሁን አይሰማዎትም እንጂ ከሁለት ወር በኋላ መሪው ወደ አንድ ጎን ይጎትትዎታል።»

ከመኪናው ወርደው ተንበረከኩና ጎማውን በጣታቸው ዳሰሱ። ሲነሱ «ሌላስ ምን ታያለህ?» አሉኝ።

«ያ ሕዝቡ ሁሉ የሚያጨበጭብለት መቺ እንደ ጎማዎ ነው። የኋላ እግሩ አይሽከረከርም፤ ይጎተታል። ዘንድሮ ይመታል። ከርሞ እንጃ።»

ለካስ ተጫዋች መልማይ ናቸው፤ ያንን መቺ ሌላ ቡድን ሊወስደው ፈልጎ እንዲገምቱት ልኳቸዋል።

«ማን ነገረህ?»

«ማን ይነግረኛል? የቆመበት አፈር ነው የነገረኝ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዳሷን ለተረኛ ባስረከብኩ ቁጥር ከጎናቸው ተቀመጥኩ። በዓመቱ የሚሠሩበት ኦፊስ ቀጠረኝ።

ስለ አፈሩ ላስረዳ፤ ይህ የእኔ የራሴ ግኝት ነው፣ ከማንም አልተማርኩትም። መቺው የሚቆምበት ቦታ በኖራ የተሰመረ አራት ማዕዘን አፈር ነው። ጉልበቱ ያልደከመ ሰው ዱላውን ሲወነጭፍ የኋላ እግሩ በጣቶቹ ላይ ይሽከረከራል፣ አፈሩም ላይ እንደ ስኒ ማስቀመጫ ክብ ጉድጓድ ይተዋል። የደከመ ሰው ግን ኳሱ እንዳይቀድመው ስለሚፈራ ቀድሞ ይንቀሳቀሳል፤ እግሩ ይጎተትና ረጅም ጭረት ይተዋል። ሰውየው ራሱ ሳያውቅ አፈሩ ያውቃል። መጠንቀቅ ያለብህ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቦታው ላይ ከእሱ በፊት ሌላ ሰው ቆሞ ከሆነ ምልክቱ የማን እንደሆነ አይታወቅም። በቀኝ የሚመቱ በአንድ በኩል፣ በግራ የሚመቱ በሌላው በኩል ስለሚቆሙ፣ ማን ከማን በፊት እንደሚመታ አስቀድመህ ማየት አለብህ።

ሚስተር ራስል ደግሞ የራሳቸው ልማድ ነበራቸው። ሁሉም መልማይ ከመቺው ኋላ ይቀመጣል፤ እሳቸው የመቺው ደረት በሚታይበት ጎን ይቀመጣሉ። «ኳሱን ሌላው ሁሉ ያይልሃል፤ አንተ ሰውየውን እይ» ይሉ ነበር። ከኪሳቸው ብርቱካን ያወጡና በአውራ ጣታቸው መላጥ ይጀምራሉ። ልጣጩ ሳይበጠስ አንድ ሆኖ እስኪወርድ ድረስ ቃል አይናገሩም። እኔ መጀመሪያ ብርቱካን የሚወዱ መስሎኝ ነበር። ለካ እጃቸውን ሥራ አስይዘው አፋቸውን መከልከላቸው ነው። «ቶሎ የተናገረ ሰው የተናገረውን ሲፈልግ ነው የሚውለው፤ ማየት ያቆማል» አሉኝ አንድ ቀን። ብርቱካኑን ለእኔ ሰጥተውኝ ልጣጩን በኪሳቸው ይዘው ይሄዳሉ።

ሪፖርታቸው ሦስት መስመር ነው፤ በእርሳስ፣ ቁራጭ ወረቀት ላይ። አንደኛው መስመር፦ ምን ይችላል። ሁለተኛው፦ ምን አይችልም። ሦስተኛው፦ ኮንትራቱ ሳያልቅ ምን ያቅተዋል። «የመጀመሪያዎቹን ሁለት መስመሮች ጋዜጣም ይጽፋቸዋል፤ እንጀራህ ሦስተኛው ነው» ይሉኝ ነበር። እንጀራ አላሉም፤ ዳቦ ነው ያሉት። ትርጉሙ ያው ነው።

ኦፊሱ ኦክላንድ አጠገብ ኤመሪቪል ነበር፣ ከአንድ የዕቃ መደብር በላይ ሁለተኛ ፎቅ። ቡድኖች ትልቅ ኮንትራት ወይም ልውውጥ ከማድረጋቸው በፊት ሁለተኛ አስተያየት ይጠይቁናል። አለቃችን ኒና ትባላለች፤ ማውንቴን ቪው ከተማ ውስጥ ኢንጂነር ነበረች፣ ሥራዋን ትታ ነው ይህን የከፈተችው። በመጀመሪያው ቀን ወረቀቴን አገላብጣ፣

«ከየት ነው የተመረቅከው?» አለችኝ።

«ከፓርኪንግ።»

ሚስተር ራስል ሳቁ። እሷ አልሳቀችም፤ ጻፈችው።

ደመወዙ ከፓርኪንጉ ይሻል ነበር ብዬ ልለፈው። ኒና አንድ የማይታጠፍ ደንብ ነበራት። አንድን መቺ ሁለት ሰው ያየዋል፣ ሁለቱም ለየብቻ ጽፈው ፖስታቸውን ያሽጋሉ፤ ፖስታው ሳይታሸግ ስለ ሰውየው አንዲት ቃል መነጋገር ክልክል ነው። «ሁለት ሰው ተማክሮ ከጻፈ ያለኝ አንድ ሰው ነው» ትላለች። ልክ ነበረች። ምን ያህል ልክ እንደነበረች ያወቅኩት ግን ዘግይቼ ነው።

መልካሙን ላስቀድም። ሳን ሆዜ ውስጥ ገና ያልታወቁ ተጫዋቾች የሚጫወቱበት ትንሽ ሜዳ አለ። እዚያ አንድ ድንክ የሚመስል፣ ማንም የማይፈልገው መቺ አየሁ። ጉድጓዱ ክብ ብቻ ሳይሆን ጥልቅ ነበር። አንድ ቡድን ያረጀ ኮከቡን ሲሸጥ በለውጡ እሱን እንዲጠይቅ ጻፍኩ።

«ይሄ ልጅ እኮ ትከሻዬ ጋ ነው የሚደርሰው» አለችኝ ኒና።

«ቁመቱን አልገመትኩም። አፈሩን ነው የገመትኩት።»

ቡድኑ ወሰደው። ዛሬ ልጆች ስሙን በጀርባቸው ለብሰው ይዞራሉ። ሌላ ጊዜ አንድ የታወቀ ሰው አሥር ዓመት ሲጠይቅ «ከአራተኛው በኋላ በውስጥ በኩል፣ ወደ አካሉ ተጠግቶ የሚመጣ ኳስ አይደርስበትም» ብዬ ጻፍኩ። ተሳለቁብኝ። በአምስተኛው ዓመት መሳለቁን ተዉ።

አሁን ወደማልወደው ቦታ ደርሻለሁ። የሚኮራ ሰው ጥፋቱን አሳንሶ መናገር የለበትም፤ የእኔ ጥፋት ትልቅ ነበር።

ሚስተር ራስል ሰማንያን አልፈው ነበር። መኪናቸውን እኔ እንድነዳ ቁልፉን ያቀብሉኝ ጀመር። ምግብ ቤት ስንገባ ሜኑውን ሳይከፍቱ «አንተ የምትበላውን» ይላሉ። ሜዳ ላይ የመቺው ስም በትልቁ ሰሌዳ ተጽፎ እያለ «ማነው የቆመው?» ብለው ይጠይቁኛል። ገባኝ። እንደገባኝ ግን አላሳወቅኳቸውም። ስታዲየሙ ውስጥ ደረጃ ጋ ስንደርስ «አንዴ ጫማዬን ልሰር» እያልኩ ጎንበስ እላለሁ። እሳቸውም ይቆማሉ፣ ደረጃውን በእግራቸው ይፈልጉና ያገኙታል። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ሸፈንኩላቸው።

ሚስታቸው ሞታለች፣ ልጅ የላቸውም። «ከዚህ ወንበር ካነሱኝ ኮንኮርድ ቤቴ ሄጄ ግድግዳ ማየት ነው» ብለውኛል። ኒናም ዕድሜያቸውን ማንሳት ጀምራ ነበር። ስለዚህ ከእሳቸው ፖስታ ጋር የማይገጥም አንድ ፖስታ ከእኔ እጅ ቢወጣ ምን እንደሚሆን አውቃለሁ።

ያኔ ነው ሎኒ የመጣው። ሎኒ ያልኩት እኔ ነኝ፤ እውነተኛ ስሙ አይደለም። አንድ የሩቅ ከተማ ቡድን አራት ወጣቶቹን ሰጥቶ ሊያመጣውና የስምንት ዓመት ኮንትራት ሊሰጠው አስቧል። ሎኒ እኛ አገር እንግዳ ሆኖ ሲጫወት በጠራራ ፀሐይ ሄድን። ቀኑ ለእኔ የተዘጋጀ ይመስል ነበር፤ እንግዳ ቡድን መጀመሪያ ይመታል፣ ሎኒ ሦስተኛ ነው፣ በቀኝ ይመታል፣ ከእሱ በፊት ያሉት ሁለቱም በግራ የሚመቱ ናቸው። የቀኝ መቺው ቦታ ኖራው እንኳ አልተነካም። የሚቀረው ምልክት የሎኒ ብቻ ነው።

በመጀመሪያው ዙር ኳሱን ክፉኛ መታው። ድምፁ እንደ ጥይት ነበር፤ ሕዝቡ ብድግ አለ። እኔ የሩቅ ማያ መነጽሬን አፈሩ ላይ አደረግኩ። ክብ የለም። ጭረት ነው፣ አንድ ጫማ የሚሆን። ኳሱን የመታው የሚመጣበትን አስቀድሞ ገምቶ ነው፤ ግምቱ ሲስት ምንም የለውም።

ዞር ስል የሚስተር ራስል ብርቱካን ልጣጭ ሁለት ቦታ ተበጥሶ ጉልበታቸው ላይ ወድቋል። ከዚያ በዚያ ሁሉ ዓመት አድርገውት የማያውቁትን አደረጉ። ፖስታው ሳይታሸግ ተናገሩ።

«ድምፁን ሰማህ?»

«ሰማሁ።»

«እንዲህ የሚጮህ ዱላ ስምንት ዓመት ይጮኻል።» ፊታቸውን ወደ እኔ አዙረው ጠበቁ። «አይደለም እንዴ?»

«ነው» አልኩ።

መኪናው ውስጥ ለየብቻ ጻፍን። እርሳሱን ይዤ ሦስተኛው መስመር ላይ ቆምኩ። ባደግሁበት ቤት ታላቅ ከተናገረ ታናሽ ያጸናል እንጂ አያፈርስም። ከፓርኪንግ ያወጡኝን ሰው፣ ያውም ዓይናቸው በደከመበት ሰዓት፣ ወረቀት ላይ ላዋርዳቸው? ይሉኝታ ያዘኝ። «እስከ ስምንተኛው ዓመት ይመታል» ብዬ ጻፍኩና አሸግኩት።

ኒና ሁለቱን ፖስታ ጎን ለጎን ከፈተቻቸው።

«ሁለታችሁም አንድ ዓይነት?»

«አንድ ዓይነት» አልኳት።

ፊቷ በራ። ለየብቻ የጻፉ ሁለት ሰዎች ሲስማሙ ማን ይጠራጠራል? ቡድኑ ፈረመ።

በሁለተኛው ዓመት ወርዋሪዎች የሎኒን ነገር ደረሱበት። በውስጥ በኩል፣ ወደ እጁ ጠጋ አድርገው ይወረውሩበት ጀመር። በሦስተኛው ዓመት የስምንት ዓመት ኮንትራቱን ይዞ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ከሰጧቸው አራት ወጣቶች ሁለቱ ሌላ ቦታ ኮከብ ሆኑ። በየሜዳው «ያ ዕውሩ መልማይ» የሚል ቀልድ መጣ። ማን እንደጀመረው አላውቅም። ኒና ሚስተር ራስልን በአክብሮት፣ በኬክ፣ ወደ ቤት ላከቻቸው። የፈራሁት ሁሉ ደረሰ፤ ያስቀረሁት መስሎኝ ያመጣሁት እኔ ነኝ።

ሦስት ሳምንት መሄድ አቃተኝ። በመጨረሻ በባቡር ኮንኮርድ ሄድኩ፣ ብርቱካን ይዤ። በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። የአካሄዴን ድምፅ ሲሰሙ «ይልማ» አሉ።

«ሚስተር ራስል፣ የሎኒ ቀን አፈሩን አይቼ ነበር።»

«ምን አየህ?»

«ጭረት። አንድ ጫማ የሚሆን።»

ያመጣሁትን ብርቱካን የሚልጠው እጃቸው ቆመ። ከዚያ፣

«በነዚያ ሁለት ዓመታት ጫማህን ስንት ጊዜ ያሰርክ ይመስልሃል?» አሉኝ።

«እንጃ።»

«እኔም መቁጠር አቃተኝ። አንተ ደግሞ የምታደርገው ማሰሪያ የሌለው ጫማ ነው። ይህን ዓይኔ ሳይደክም ጀምሮ አውቃለሁ።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«ከወንበሩ መነሳት አልፈለግኩም ነበር። ያ የእኔ ጥፋት ነው፣ አልሰጥህም። ግን አስቤበት ነበር። እኔ የሰማሁትን እጽፋለሁ፣ ይልማ ያየውን ይጽፋል፤ ሁለት ሰው እንሆናለን አልኩ። ደንቡን ጥሼ ጮክ ብዬ የነገርኩህ ለምን ይመስልሃል? ድምፁን ብቻ ይዤ እንደቀረሁ ገብቶኝ ነው። ‹የለም፣ ተሳስተሃል› እንድትለኝ ነው።»

«እርስዎን?»

«እኔን ነዋ! እዚያ ሌላ ማን ነበር?»

«አክብሬዎት ነው።»

«አላከበርከኝም። ብቻዬን ተውከኝ።»

ከዚያ በኋላ ልጣጩን ቀጠሉ። ስሄድ ብርቱካኑን ሰጡኝ፣ እንደ ድሮው።

በማግስቱ ኒና ቢሮ ገብቼ ሁሉንም ነገርኳት። «ልታባርሪኝ ትችያለሽ» አልኳት።

«ሁለት ሰው ልኬ አንድ ጆሮ ነው የመጣልኝ» አለች። ተቆጥታ ቢሆን እንኳ ያን ያህል አያመኝም ነበር። ስልኩን ወደ እኔ ገፋችው። «ለቡድኑ ኃላፊ ኮል አድርግ። ራስህ ንገረው።»

ደወልኩ። ጭረቱን እንዳየሁት፣ እንዳልጻፍኩት፣ ጥፋቱ የሚስተር ራስል ዓይን ሳይሆን የእኔ እጅ መሆኑን ነገርኩት።

«ይህን ለማለት ሦስት ዓመት ፈጀብህ» አለኝ።

«ልክ ነዎት» አልኩት። ስልኩን ከመዝጋቱ በፊት ግን «የሽማግሌውን ስም ሰዎቼ ዘንድ አስተካክላለሁ» አለ፤ ቃሉንም ጠበቀ። ቀልዱ ቀስ በቀስ ጠፋ።

ኒና አላባረረችኝም። አንድ ዓመት ሙሉ ግን ፖስታዬ ይከፈታል እንጂ አይቆጠርም ነበር። ያን ዓመት ሚስተር ራስልን በራሴ ጊዜ ከኮንኮርድ እያመጣሁ ከጎኔ አስቀመጥኳቸው። ደረጃ ጋ ስንደርስ «ደረጃ አለ» እላለሁ፤ «ስንት?» ይላሉ፤ «አራት» እላለሁ። እሳቸው የሰሙትን ይነግሩኛል፣ እኔ ያየሁትን እነግራቸዋለሁ፣ እንጨቃጨቃለን። እንደዚያ ተጨቃጭቀን አናውቅም ነበር። እስኪያርፉ ድረስ እንዲሁ ቀጠልን፤ ስንቀብራቸው ያልነገርኳቸው ምንም ነገር አልቀረኝም።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ሠራሁ፤ ጥሩም ሠራሁ። ሥራው ግን ተለወጠ። ካሜራ የዱላውን ፍጥነት፣ የእግሩን አካሄድ፣ ሁሉን ይለካል። ካሜራዎቹ የኋላ እግርን ነገር አሁን ማወቃቸው ጥሩ ነው፤ እኔ ቀድሜያቸው ነበር። ኒና ሰላም የምትባል ልጅ ከጎኔ መደበች። ወላጆቿ በዲቪ መጥተው ሳን ሆዜ የሚኖሩ፣ በኮምፒውተር ትምህርት የተመረቀች፣ በአማርኛ የምትሰማና በእንግሊዝኛ የምትመልስ ናት። ለእኔ ስትል ብቻ አማርኛዋን ትታገለዋለች።

ባለፈው ዓመት አንድ መቺ የአሥር ዓመት ኮንትራት ጠየቀ። በቀን ጨዋታ ሄድን። መጥቶ መታ፤ መነጽሬን አነሳሁና አፈሩን አየሁ።

«ክብ ነው!» አልኩ። «እንደ ስኒ ማስቀመጫ! አሥር ዓመት? አሥራ ሁለትም ይሂድ!»

ተናግሬ ጨረስኩ። ፖስታው አልታሸገም። ሰላም ዓይኗን ወደ ጉልበቷ አወረደችው።

«እሺ ጋሼ» አለች።

ያቺን እሺ አውቃታለሁ። እኔው ነኝ መኪናው ውስጥ፣ እርሳስ ይዤ።

«ሰላም፣ ምን አየሽ?»

«ናቲንግ ጋሼ። እርስዎ ያሉት ነው።»

«እኔ ያልኩትን እኔ እጽፈዋለሁ። አንቺ ያየሽውን ጻፊ።»

«በት ጋሼ፣ እርስዎ እኮ...» ጨነቃት። «ማሚ ሰምታ ብትሆን ትገድለኛለች።»

«ለእናትሽ እኔ እነግራታለሁ። ስሚኝ የኔ ልጅ፣ ብቻዬን እንዳትተዪኝ።»

አልገባትም፤ ግን ፊቴን አይታ ዝም ብላ ጻፈች። በማግስቱ ኒና ሁለቱን ፖስታ ከፈተች። የሰላም ሦስተኛ መስመር «ከአምስተኛው ዓመት በኋላ አይደርስም» ይላል። ሥር ደግሞ በትንንሽ ፊደል፦ «ክቡ ጉድጓድ የእሱ አይደለም። ከእሱ በፊት የቆመው መቺም ቀኝ ነበር።»

መቺው ቦታ ላይ ማን ቀድሞ እንደቆመ ማየት የዚህ ሥራ ፊደል ነው፤ ፊደሉን የቀረጽኩት እኔ ነኝ። ቀድሞ የቆመውን ሰው ግን በየትኛው ጎን እንደቆመ ከመቀመጫዬ አላየሁትም። ስሙንም ከሰሌዳው አላነበብኩትም። ሰሌዳውን ካነበብኩ ስንት ጊዜ ሆኖኛል?

«ሶሪ ጋሼ» አለች ሰላም፣ ዓይኗ እንባ አቅሮ።

«ምን ሶሪ አለ? ገደልሽኝ እንዴ? ሥራዬን ሠራሽልኝ።»

ለኒና «የእሷን ላኪ» አልኳት። የእኔን ፖስታ ይዤ ወደ ቤት ሄድኩ። ጡረታ የጠየቅኩት በዚያው ሳምንት ነው። ማንም አላስወጣኝም፤ ይህ ይመዝገብልኝ።

እንግዲህ የሠራሁትን ልዘርዝርና ላብቃ።

ለዚህ ሥራ አንድ ቀን ትምህርት ቤት ሳልገባ፣ ጎማ በማየት ዕውቀት ብቻ፣ ትልልቅ ቡድኖች ስሜን ጠርተው የሚጠይቁት ሰው ሆንኩ።

አፈር ማንበብን ያለ መምህር አገኘሁ። ካሜራው ከእኔ በኋላ መጣ።

ሳን ሆዜ ላይ ማንም ያልፈለገውን አጭሩን መቺ አየሁት።

የአሥር ዓመቱን ሰው በአራተኛው ላይ እንደሚቆም ተናገርኩ፤ ቆመ።

አንድ ጊዜ ያየሁትን ሳልጽፍ ቀረሁ። ደውል ተብዬ ቢሆንም፣ በራሴ አፍ ስልክ ላይ አመንኩ።

ሚስተር ራስል በሕይወት እያሉ፣ ፊት ለፊት፣ «ተሳስተዋል» ብዬ ተከራከርኳቸው። ዘግይቼ ነው፤ ግን ብዙ ጊዜ አልኳቸው።

የብርቱካን ልጣጭ ሳይበጠስ መላጥ ቻልኩ።

አንዲት ያበሻ ልጅ ሽማግሌን በጽሑፍ እንድታርም አደረግኩ፤ አሁን በስልክም ታርመኛለች፣ ማቆም አልቻለችም።

የመጨረሻው ይህ ነው። ባለፈው ሳምንት ሰላም ጨዋታ ልታሳየኝ ሳን ሆዜ ወሰደችኝ። ደረጃው ጋ ስንደርስ ጎንበስ ብላ ጫማዋን አላሰረችም፤ ስልኳን የምታይም አላስመሰለችም። ክንዴን ያዘችና «ጋሼ፣ ደረጃ አለ» አለችኝ።

«ስንት?» አልኳት።

«አራት።»

ይህንንም ከሠራሁት እቆጥረዋለሁ።